የጉልበት ምስክር

ዘውገን የማያውቅ ሰው አትክልት ተራ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ረጅም ነው። መንገድ የዘጋበትን ባለጋሪ በክላክስ አይለማመጥም፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በስሙ ይጠራዋል፤ ስሙን የማያውቀው ከሆነም እዚያው ስም ያወጣለታል። ከመንዝ ወጥቶ መርካቶ የገባው በጉርምስናው ነው። በኩሊነት ሲጀምር አንድ ጆንያ ይበቃሃል ያሉትን ለማናደድ ብቻ ሁለት ይደርብ ነበር። ከኩሊነት የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፣ ከረዳትነት ሾፌር። የመንጃ ፈቃዱን ፈታኙ ሰልችቶት ነው የሰጠው እያሉ ወዳጆቹ ይቀልዱበታል። እሱ ደግሞ "የተማረውማ ፈታኙ ነው" ይላቸዋል።

የሚነዳው አይሱዙ የአበራሽ ነው። አበራሽ ዛሬ የሽንኩርት አከፋፋይ ናት፤ ዘውገ ሲያውቃት ግን ላስቲክ አንጥፋ መሬት ላይ ቲማቲም ትቸረችር ነበር። ጆንያዋን የሚያወርድላት እሱ ነበር። ስለዚህ አከፋፋይና ሾፌር ከሆኑም በኋላ አንተና አንቺ ተባብለው ነው የሚጣሉት፤ ሳይጣሉ የዋሉ ቀን ሁለቱንም ያማቸዋል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጠባቸው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ዘውገ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ጣርማ በርን ሲወጣ ከኋላው የነበረው ሁሉ እያለፈው ይሄዳል። አትክልት ተራ ሲደርስ ቸርቻሪው ሸምቶ ተበትኗል፤ ገበያው ቀዝቅዟል። በዘገየ ቁጥርም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "መኪናው ጉልበት የለውም። ቱርቦው ሞቷል።" ቱርቦ ማለት ሞተሩን አየር በግድ የሚያጎርሰው ክፍል ነው። እሱ ከሞተ መኪናው ዳገት ላይ ያቃስታል እንጂ አይሄድም።

አበራሽ መካኒክ አሳየች። መካኒኩ ምንም አላገኘም።

"እንግዲህ መኪናው ደህና ነው ተብሏል" አለችው መጋዘኗ በር ላይ ቆማ። "ታዲያ ጉልበት ያጣው ማን ነው?"

"መካኒክሽ ነዋ! አይኑም ጆሮውም ጉልበት አጥቷል!"

"ዘውገ፣ አትጩህብኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ጥላሁን ይንዳው። አንተ እዚህ ሆነህ ጭነት ትቆጣጠራለህ። ጥላ ነው። ወንበርም አለ።"

ጥላሁን የእህቷ ልጅ ነው፤ ከመሪ ጋር እምብዛም አልተዋወቀም። ዘውገን ያንገበገበው ግን ጥላሁን አልነበረም፤ ወንበሩ ነው። ዕድሜ ልኩን ቁጭ ብሎ ሲሠራ የኖረው መንገድ ከፊቱ እየሮጠለት ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጥ ሲሉት የሚለቀስበትን ቀን የቆረጡለት መሰለው።

በነጋታው መኪናዋን ይዞ ሶማሌ ተራ ገባ፤ ማንንም አላስፈቀደም። በገዛ ኪሱ የቱርቦ ጌጅ ገዛ። ክብ ናት፤ በመስታወቷ ውስጥ ያለችው ቀስት ቱርቦው የሚያጎርሰውን አየር ግፊት ትናገራለች። ከዚያ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የታወቀችው ሀምዲያ ዘንድ አመራ። ሀምዲያ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጅ ላይ ነው የምትሠራው፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷም ከእጇ የማይዘገይ ሴት ናት።

"እትዬ አበራሽ ያውቃሉ?" አለችው ጌጁን እያገላበጠች።

"አበራሽ የምታውቀው ሽንኩርት ነው። ግጠሚ።"

"ጋሼ፣ ጌጅ አያክምም፤ ይናገራል እንጂ።"

"እንዲናገርልኝ ነው'ኮ የምፈልገው!"

"ለማን እንደሚናገር እኔ አላውቅም" አለችና ሥራዋን ጀመረች።

ጋቢናውን ወደ ፊት ገለበጠችው። ከቱርቦው የሚመጣው አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ጋ ያለችውን ቀጭን ቱቦ ቆርጣ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ሰካችባት። ከሦስተኛው አፍ የተነሳውን ቱቦ ከጋለ ብረት እያራቀች፣ እያሰረች፣ በመሪው ሥር አሹልካ አወጣችው። "ይሄ ከታጠፈ ጌጁ ይዋሻል" አለች። ወደ ጌጁ ሽቦዎች ዞረች። ቀዩን ሽቦ፣ የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ላይ ቀጠለችው፤ አለዚያ ጌጁ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሲጠባ ያድራል። የጥቁሩን ጫፍ ቀለሙ ከተፋቀ ብረት ጋር በብሎን አጠበቀች። የመጨረሻውን ደግሞ ሲጨልም ቀስቷ እንድትታይ ከመብራቱ ጋር አገናኘችው።

"በናስትሮ ጠቅልለሽ ጨርሺዋ!" አለ ዘውገ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት።

"ናስትሮ ብቻውን ሙቀት ሲነካው ይላቀቃል። እኔ የነካሁት መኪና መንገድ ላይ አይጨስም። ይጠብቁ።"

የተጨቃጨቁት ግን ጌጁ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ሀምዲያ እንደ ደንቡ ወደ ሾፌሩ ልታዞረው ስትል ዘውገ እጇን ያዘ።

"ወደዚያ አዙሪው። ወደ ተሳፋሪው።"

"ጋሼ! ጌጅ'ኮ ለሾፌር ነው!"

"እኔማ አውቀዋለሁ። ማየት ያለባት እሷ ናት።"

ሀምዲያ ስቃ ወደ ተሳፋሪው ወንበር አዞረችለት። እንዲህ ያለ አገጣጠም ሶማሌ ተራ ከተቆረቆረ ወዲህ የታየ አይመስለኝም።

ባዶ መኪና የቱርቦ ልክ አያሳይምና፣ በማግስቱ ማለዳ ከፊሉ አዲሱ ገበያ የሚራገፍ ሽንኩርት ይዘው ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ሞከሩት። ሀምዲያ ከጎኑ ተቀምጣለች። ዳገቱ ሲጀምር ዘውገ በአራተኛ ማርሽ ገባበት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተንገራገጨ፣ ፍጥነቱ ወረደ። ቀስቷ ከተኛችበት ፈቀቅ አላለችም።

"አየሽ?" መሪውን በመዳፉ መታው። "አየሽ? ሞቷል አላልኩም! አሁን ትምጣ አበራሽ!"

ሀምዲያ ግን ቀስቷን አልነበረም የምታየው። እግሩን ነበር።

"ማርሽ ይቀንሱ፣ ጋሼ።"

"አያስፈልግም። ድሮ በዚሁ ይወጣ ነበር።"

"ድሮን ይተዉትና ይቀንሱ።"

"ሾፌሩ እኔ ነኝ!"

"ገጣሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ሳልሞክር አላስረክብም። ይቀንሱ!"

ከኋላ ክላክስ በዛ። ዘውገ ጥርሱን ነክሶ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ጉልበቱ ውስጥ የጋለ ሚስማር የገባ ያህል ነደደው። ወደ ሦስተኛ መልሶ ነዳጅ ሰጠው። ሞተሩ ድምፁን ቀየረ፤ ከታች ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ ቀስቷም ብድግ አለችና መሐሉን አልፋ ቆመች። መኪናው ሽንኩርቱን ይዞ ዳገቱን ተያያዘው።

"ግራ ጉልበትዎ ነው፣ አይደል?" አለች ሀምዲያ ቀስ ብላ።

አባቶቻችን ለብርታትም፣ እግር ለሚታጠፍበት መገጣጠሚያም አንድ ስም ማውጣታቸው ዘውገን ጉድ ሠራው። "ጉልበት የለውም" ሲል የከረመው ውሸቱን አልነበረም፤ ባለቤቱን ነው የተሳሳተው። ፍሪሲዮን ሲረግጥ ስለሚያመው ማርሽ መቀነስ ትቷል። ማርሽ ካልተቀነሰ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ቱርቦውን አይቀሰቅሰውም። ይህን ለረዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ለራሱ ሲሆን ረሳው። አልረሳውም እንኳ፤ ማወቅ አልፈለገም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፦ በገንዘቡ ምስክር ገዝቶ ምስክሩ በእሱ ላይ መሰከረ።

ጥግ ይዞ አቆመ። ተናደደ፤ በጉልበቱም፣ በቀስቷም፣ ይህን ሁሉ ባየችው ሀምዲያም ተናደደ። እጁ በመሪው ሥር ገባና ቱቦዋን ነካ። አንዴ እጥፍ ቢያደርጋት ቀስቷ እንደተኛች ትቀራለች። አበራሽም ቱርቦ ፍለጋ ትሯሯጣለች፤ እሱም እስከዚያው መሪውን እንደያዘ ይከርማል። ሀምዲያ አየችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዘውገ ተሳዳቢ ነው። ግትር ነው። ቱቦ አጥፎ የሚያድር ሰው ግን አይደለም። እጁን አወጣ።

አዲሱ ገበያ የሚወርደውን አራግፎ፣ ሀምዲያን ሶማሌ ተራ አድርሶ፣ የቀረውን ጭነት እንደያዘ አትክልት ተራ ገባ።

"ግቢ" አላት አበራሽን፣ የጋቢናውን በር ከፍቶ።

"ይሄ የተለጠፈው ደግሞ ምንድን ነው? ማን ፈቀደልህ?"

"ማንም። ግቢና እይ።"

ነጠላዋን ሰብስባ፣ እየተራገመች ገባች። ወደ እንጦጦ ይዟት ሄዶ በዚያው ዳገት በአራተኛ ማርሽ ገባ። ቀስቷ ተኛች። አበራሽ አየቻት፣ እሱንም አየችው፣ ፊቷ ለስለስ አለ።

"እውነትህን ነው ለካ። ቱርቦው..."

"ቆይ። አልጨረስኩም።" ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሽ ቀነሰ። ቀስቷ ተነሳች፤ መኪናው ፊት የነበረውን ሚኒባስ አልፎ ወጣ። "ቱርቦው ደህና ነው። መካኒክሽ እውነቱን ነው። ማርሽ የማልቀንሰው ግራ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ነው። ለራሴም ሳልነግረው ነው የከረምኩት። አሁን ነገርኩሽ።"

"እንግዲያው በራስህ ፈረድህ" አለች አበራሽ። "ወንበሩ..."

"ወንበሩ ላይ ጥላሁን ይቀመጥበት!"

"ያመኛል እያልክ?"

"አዎ ያመኛል! የሚያመው እኔን ነው፤ ሽንኩርቱን አይደለም። ይሄ ጉልበት ያለቀው ያንቺን ጆንያ ሲሸከም ነው አበራሽ። ካሳ አልጠየቅኩሽም። ጥላም፣ ወንበርም አልጠየቅኩሽም። መሪዬን አትንኪ ነው ያልኩሽ!"

"ጣርማ በር ላይ ቢከዳህስ? እዚያ'ኮ ገደል ነው። እኔ የምጨነቀው ስለ ሽንኩርቱ ይመስልሃል?"

ዘውገ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ወደ እሷ ዞረ።

"ሊከዳኝ ሲል ማን ይነግርሻል? መካኒክሽ ነው? ዛሬስ ማን ነገረሽ?"

አበራሽ ወደ ጌጁ አየች።

"እኔ ነኝ የነገርኩሽ። ያን ዕለትም ቁልፉን እጅሽ ላይ አስቀምጬ የምነግርሽ እኔው ነኝ። እስከዚያ ይሄን መኪና ሌላ ሰው አይነዳውም።"

አበራሽ መስኮቱን ከፍታ አየር ሳበች። "ሐኪም ትታያለህ" አለች።

"እታያለሁ።"

"ዛሬውኑ!"

"ሽንኩርቱን ላራግፍና።"

ስልኳን አወጣች። "ጥላሁን፣ ቅዳሜ አትምጣ። ... ማን? ዘውገ? አይ፣ ደህና ነው። ብሶበታል እንጂ ምንም አልሆነም።"

ዘውገ ሞተሩን አስነስቶ ዳገቱን ቀጠለ። ኩርባው ጋ ማርሽ መቀነስ ነበረበትና ፍሪሲዮኑን ረገጠ። እስከ ዛሬ ሕመሙን ከጥርሱ አሳልፎት አያውቅም ነበር። አሁን ግን አፉን ከፍቶ "ውይ!" ሲል ድምፁ ጋቢናውን ሞላው።

"ምነው?" አለች አበራሽ ደንግጣ።

"ምንም። ሦስተኛ ማርሽ ነው" አላትና ነዳጅ ሰጠው።