ሪባን ያሰረችውንም ያላሰረችውንም ያልካዱት መምህር ይመር

መምህር ይመር አስፋው ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ በልብ ሕመም ሲታከሙ በቆዩበት በደሴ ከተማ አረፉ። በማግስቱ በከተማችን በመካነ ሰላም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ከወግዲና ከአካባቢው ገጠር የመጣው ለቀስተኛ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ቄስ የሆኑት አባቴ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ከመቃብሩ ራቅ ብለው ቆመው ሲያለቅሱ አየኋቸው። አባቴ ለቀስተኛ ያጽናናሉ እንጂ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ስሜ ትዕግስት ነው፤ ከመምህር ይመር ተማሪዎች አንዷ ነኝ። ስለ ደግነታቸው ብዙዎቻችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። እኔ የምጽፈው እሳቸው በሕይወት ሳሉ አፌን ሞልቼ መናገር ያቃተኝን ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ የስፖርት መምህር ነበሩ። እኛ «ቲቸር» ነበር የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ከባሕር ዛፉ ጀርባ ባለው ሜዳ ያስሮጡናል፤ ሹራባቸውን እንደለበሱ፣ በቆዳ ጫማቸው፣ ከኋለኛው ልጅ ጎን እየሮጡ። ከፊተኛው ጋር ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። በረመዳን ለጾመኛው፣ በሁዳዴ ደግሞ ለእኔና ለመሰሎቼ ልምምዱን ያቀሉልን ነበር። አባቴ «ሴት ልጅ በቁምጣ አትሮጥም» ብለው ሲከለክሉኝ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ቄስ፣ ግዴለም በሱሪ ትሩጥ። የሚሮጠው እግሯ ነው» አሏቸው። ሁለት ዓመት በሱሪ ሮጥኩ። በኋላ አባቴ ራሳቸው ቁምጣውን ገዝተው መጡ።

በዚያ ሜዳ አብራኝ የሮጠችው ዘይነባ ናት። እናቷ ዐረብ አገር ሠርታ ነው ያሳደገቻት። ሁለታችንም ክለብ ገባን፤ ከዓመታት በኋላም ለብሔራዊ ቡድን በአንድ ላይ ተመረጥን። ቲቸር ዜናውን ሲሰሙ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጡ አሉ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

ውድድሩ በውጭ አገር የሚካሄድ አገር አቋራጭ ነበር። ያን ጊዜ አካባቢያችን ሰላም አጥቷል። ስልክ ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል። የዘይነባ የአክስት ልጅ ከገበያ ሲመለስ በተኩስ መሞቱን የሰማነው ከሳምንታት በኋላ፣ በእግሩ ወጥቶ አዲስ አበባ ከደረሰ ሰው ነው። የመንግሥት ዜና ግን ኑሮ ወደ ነበረበት ተመልሷል ይል ነበር።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ዘይነባ ከሻርፗ ጫፍ የቀደደቻቸውን ሁለት ጥቁር ሪባኖች ይዛ መጣች።

«እንኪ፣ አንዱ ያንቺ ነው» አለችኝ። «ክንድሽ ላይ እሰሪው።»

«ዘይኔ፣ ይሄ እኮ ብሔራዊ ቡድን ነው። የምንሮጠው ለሁሉም ነው።»

«እኛ ከሁሉም ውስጥ የለንበትም?»

ሪባኑን ተቀብዬ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩት። ያልነገርኳት ነገር ግን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ወታደር ነው። እሱም የት እንዳለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር ያን ጊዜ አናውቅም ነበር። ሪባኑን ባስር ለማን እንደማስረው ለራሴም አልገባኝም። ፈርቼም ነበር፤ ዛሬ አልደብቀውም። ሪባኑን መለስኩላት።

ዘይነባ ሦስተኛ ወጣች። መጨረሻው መስመር ላይ ሪባን ያሰረ ክንዷን ከፍ አድርጋ ቆመች። ለጋዜጠኞችም፣ «አገሬን እወዳታለሁ። መንግሥታችን ግን ሰው እየሞተ ሰላም ነው አይበል» አለች። እኔ ዘጠነኛ ገባሁ፤ አንገቴን ደፍቼ በአጠገቧ አለፍኩ። ወዲያው ከብሔራዊ ቡድን ታገደች።

የተመለስን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አበባ የያዙ ተቀባዮች ነበሩ። እኛ አበባ ተቀብለን ወጣን፤ ዘይነባ ብቻዋን መጨረሻ ላይ ወጣች። ከሰዉ ሁሉ ጀርባ ቲቸር ቆመዋል። መንገዱ ገና ስጋት ነበረበት፤ ወሬውን ከሬዲዮ ሰምተው፣ በጭነት መኪናም በእግርም ሦስት ቀን ተጉዘው ነው የደረሱት፤ ጫማቸው ጭቃ ነው። ዘይነባ ስታያቸው እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሏት። ከዚያ እኔን ፈልገው መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ወንድምሽ ደህና ነው። ቄስ ደብዳቤ ደርሷቸዋል» አሉኝ። ስለ ሪባኑ ምንም አልጠየቁኝም።

መካነ ሰላም ሲመለሱ አንድ ኃላፊ ቢሮ አስጠራቸው። የአትሌቷ ድርጊት አሠልጣኟንም አካባቢዋንም እንደማይወክል የሚገልጽ ወረቀት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጎደለው ፊርማቸው ብቻ ነው። አብረዋቸው የተጠሩት ምክትል ርዕሰ መምህር እንደነገሩኝ፣ ሁለቴ አንብበው ወረቀቱን መለሱ። «እኔ ሩጫ ነው ያስተማርኳት። ሐዘኑ የራሷ ነው። በሰው ሐዘን ላይ አልፈርምም» አሉ። በሳምንቱ የወረዳው ታዳጊዎች ሥልጠና ከእጃቸው ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ሜዳ መውጣቱን አልተዉም። ማንም ሳይመድባቸው መጥቶ የቆመውን ልጅ ያስሮጡ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ደግሞ የከተማው ወጣቶች መጡባቸው። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የእኔም የዘይነባም ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። «ሕዝቧ ሲያልቅ ዝም ያለችውን አውርዱልን» አሏቸው።

ቲቸር እንዲህ መለሱላቸው፦ «በቅርቡ አንዷን ካድ ተባልኩ። እናንተ ደግሞ ሌላዋን ካድ ትሉኛላችሁ። ልዩነታችሁ አልታየኝም።»

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ወላጆቼን ልጠይቅ የመጣሁት። የሚያውቁኝ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስማ የማትጠግበኝ ጎረቤታችን ከሩቅ አይታኝ በሯን ዘጋች። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው፣ በገበያ ቀን፣ ቲቸር መጡ።

«ተነሽ፣ ገበያ እንሂድ።»

«ቲቸር፣ አልችልም።»

«እኔም ጉልበቴን ያመኛል። ቀስ ብለን እንሄዳለን።»

ከእህል ተራው እስከ በርበሬ ተራው አብረን ሄድን። በየሻጩ ፊት ይቆማሉ፤ የገብሱን ዋጋ፣ የልጆቹን ጤና፣ የከብቱን ሁኔታ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ «ይቺ ትዕግስት ናት፣ ከሩጫ መጥታ ነው» ይላሉ። ሰላም ያላለኝ ሰው ካለ ሰላም እስኪለኝ ከፊቱ አይነቃነቁም። አንዲት ሴትዮ በመጨረሻ፣ «ኧረ እሺ፣ ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» ስትለኝ ተጠግቼ ጉንጯን ሳምኳት።

ስንመለስ ስለ ወንድሜና ስለ ፍርሃቴ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ስጨነቅበት የኖርኩትን ጠየቅኋቸው። «ያን ጠዋት ስልክ ቢሠራ ሁለታችንም ለእርስዎ እንደውል ነበር። ምን ይሉን ነበር?»

«ዘይነባን ተዪው እላት ነበር» አሉ። «መንግሥት ምን ያደርጋት ይሆን ብዬ እፈራ ነበራ። እላት ነበር፤ ትሰማኝም ነበር፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ስጸጸት እኖር ነበር። እንኳን ስልኩ ተዘጋ።»

«እኔንስ?»

«አንቺን እሰሪ ብዬ ባዝሽም ያው ነው። ሰው በሌላ ሰው ትእዛዝ ካሰረው ሪባን ጨርቅ ብቻ ነው።»

ከዘይነባ ጋር ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሳንነጋገር ቆየን። ባለፈው ክረምት ቲቸር ታመው ቤት ሲውሉ ልንጠይቃቸው ሄደን አልጋቸው አጠገብ ተገናኘን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ወንበር አቀረቡልን፤ እኛ ጎን ለጎን መቀመጥ እንኳ አቅቶን ቆመን ቀረን። ቲቸር አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩና፣ «ነገ ጠዋት እነዚያን ልጆች ማን ያስሮጥልኛል?» አሉ።

ሁለታችንም «እኔ» አልን።

በማግስቱ ልጆቹን አስሩጠን ስንጨርስ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ስለ ወንድሜ ነገርኳት። «ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በቁጣ። ቆየት ብላ ግን፣ «ብትነግሪኝም ያን ቀን አልሰማሽም ነበር» አለች።

«ትጸጸቻለሽ?» አልኳት።

«ሩጫው ይናፍቀኛል፣ ወላሂ። ሪባኑን ግን ዛሬም አስረዋለሁ። አንቺስ?»

«ዛሬም አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መካነ ሰላም ባለሁ ቁጥር ልጆቹን አብረን እናስሮጣለን። አንዳንዴ በዚሁ ጉዳይ እንጨቃጨቃለን፤ ልጆቹ ሲሰሙን ይስቃሉ።

ውድ መምህራችን፣ እንግዲህ አፈሩ ይቅለልዎት። ከቀብርዎ በኋላ የሆነውን ልንገርዎት። ለብሔራዊ ቡድን ማጣሪያ ተጠርቻለሁ፤ ሰኞ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን የዘይነባ እገዳ እንዲነሳ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌ፣ ከነሙሉ ስሜ በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ለፌዴሬሽኑ አስገብቻለሁ። የተቀበለኝ ሰው አንብቦ፣ «ማጣሪያ ሊጀመር ነው፤ ይሄ ለአንቺ ይጠቅምሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤውን ግን መልሼ አልወሰድኩትም። ይህን እንዳደርግ ማንም አላዘዘኝም፣ ቲቸር። ደህና ይረፉ።