በአውራ ጣቴ ያጠፋሁት ዓይን

ያን ቀን የአንዲት እናት ዓይን በአውራ ጣቴ ጠረግሁ። ደግነቱ ዓይኑ ሸራ ላይ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ከአንድ ሠዓሊ ጋር በአንድ ግቢ፣ ክፍል ለክፍል እንኖር ነበር። እሱ ሰው ይስላል፤ እኔ ለቀበሌ ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር እጽፋለሁ። የፊደሌ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው እያልኩ የምኩራራ ጅል ነበርኩ። ቀለም ሲያብጥብን፣ ሳይወርድ በአውራ ጣት ጠረግ ማድረግ የእኛ የመፈክር ጸሐፊዎች ልማድ ነው።

ብሩሽ ልዋስ ስገባ እሱ የለም፤ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፏል። ሊጠይቁት ከጎጃም የመጡት እናቱ ነገ በማለዳ አውቶቡስ ስለሚመለሱ ጓዛቸውን ይሸክፋሉ። ዳግም መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ የሳላቸው ምስል ገና እርጥብ እንደሆነ ግድግዳ ተደግፏል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጉንጩ ሰማያዊ፣ አፍንጫው አንድ አረንጓዴ ጭረት፣ ነጠላው በጥድፊያ የተለቀለቀ። አንዱ ዓይን ላይ ደግሞ የገብስ ፍሬ የምታክል ነጭ ቀለም አብጣለች። «ይቺማ ልትወርድ ነው» ብዬ ጠረግ!

በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል ክው አልኩ። ያ ሁሉ ልቅልቅ ተሰብስቦ እናትየውን ሆኗል፤ አንድ ዓይናቸው ግን ጠፍቷል። ቀረብኩ፤ ቀለም ብቻ። ራቅሁ፤ ሰው። እንደገና ቀረብኩ፤ ቀለም።

«ምን ያመላልስሃል፣ እንቁላሏ እንደ ደረሰ ዶሮ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ዓይንዎን አጠፋሁት።»

ዓይናቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «እኔ እንደሆንኩ እያየሁህ ነው!» ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት።

ሠዓሊው መጥቶ የጠፋውን ዓይን ተመለከተ። መስኮቱን አየ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። «እማዬ፣ እንደ ቅድሙ ተቀመጭልኝ» አለ። ብሩሹን ነከረ፣ ብዙ አያቸው፣ አንዴ ብቻ ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበ። ዓይኑ በራ። አጎንብሼ ብመረምር ያችው የገብስ ፍሬ ናት!

«ቅድም መንገዱን እያሰበች ነበር፤ አሁን ባንተ እየሳቀች ነው» አለኝ። «የመጀመሪያዋ ዓይን ዕዳ አለብህ።»

«በምን ልክፈል?»

«አንድ ሰዓት ሳትነቃነቅ ተቀመጥልኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንዴ ተቀምጬለት ነበር። አፍንጫዬን በምን ቀለም እንደጀመረው ለማየት በአሥረኛው ደቂቃ ተነሳሁ፤ አባረረኝ። ሃምሳው ደቂቃ ይኸው እስከ ዛሬ አለብኝ።