ሻንጣ የነበርኩበት አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርደን በቀጥታ የገባንበት ክትፎ ቤት አስተናጋጁ ሳህኖቹን አነሳና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የታሸገ እርጥብ ሶፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን፤ የአክስቴ ልጅ ትዕግስት የሷን ሳትከፍት ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት እኔ የኔን ቀድጄ አፍንጫዬ ላይ ለጠፍኩት፣ የሎሚው ሽታ ገና ከመግባቱም አስር ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ አክስቴ ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ ተንበረከክሁ።

ያኔ እኔ ሰባት፣ ትዕግስት አስራ አንድ ዓመታችን ነው። አክስቴ አማረች ትዕግስትን ይዛ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ባሏ ዘንድ በአውሮፕላን ደርሳ የተመለሰች ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ከሰማይ ሌላ ወሬ ጠፋ። ሆስተሷ እንደ ሚዜ ጎንበስ ብላ «ዶሮ ይሁን ሥጋ?» እያለች እንደምትጠይቅ፣ እንቅልፍ ሲወስድሽ ብርድ ልብስ እንደምታለብስሽ፣ እግር እንደ ልብ እንደሚዘረጋ፣ ይሄን ሁሉ አክስቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራለች። ከአውሮፕላኑ ያመጣቻት ሹካ ቡፌው ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ ትታያለች። ሎሚ ሎሚ የሚሉት እርጥብ ሶፍቶች ግን ለእኛ ለልጆቹ ተሰጡ።

በዚህ የተነሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኑ አውሮፕላን ይሆናል። ሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ከኋላና ከፊት ይደረደራሉ፣ ትዕግስት አንገቷ ላይ ሻሽ አስራ ሆስተስ ትሆናለች፣ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ተሳፋሪ ነው። ከእኔ በቀር። እኔ አንድ ጊዜ ወደ አዲሎ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ የትዕግስት ነጭ የቸርች ቀሚስ ላይ አስመልሼ ስለነበር «የሚያስመልሰው ሰው አይበርም» ብላ ፈረደችብኝ፤ አልቅሼ አልቅሼ አላስቀምጥ ስላት ደግሞ ሻንጣ እንድሆን ተፈቀደልኝ።

አክስቴ እህል ትነግድ ስለነበር ሚዛን ከቤት አይጠፋም። እሱ ላይ ቆሜ እመዘናለሁ፣ ትዕግስት ቁልቁል አይታኝ «ትርፍ ኪሎ አለው» ትላለች፣ ሹራቤን አውልቄ ጫማዬን አውልቄ እንደገና እመዘናለሁ፣ ከዚያ አራት ልጆች እጅና እግሬን ይዘው ከሶፋው ጀርባ ይጭኑኛል። ከላይ ትኩስ ድንች በትሪ ይዞራል። አንዷ ሶፍት ከአፍንጫ ወደ አፍንጫ ትተላለፋለች። እጄን በሶፋው ላይ ብቅ ባደርግ ትዕግስት በማንኪያ ቸብ አድርጋኝ «ሻንጣ አፍ የለውም» ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ አውሮፕላኑ አርፎ ተሳፋሪው ሁሉ እየተንጫጫ ወደ ደጅ ወጣና እኔን የሚያወርደኝ ጠፋ። ሥርዓት ያለኝ ሻንጣ ስለነበርኩ ዝም ብዬ ስጠብቅ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አመሻሽ ላይ አክስቴ መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ ነው የተገኘሁት።

ለማንም አልተናገርኩም። ቂም እንደ ቆጮ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይበስላል።

ክትፎ ቤቱ በገባንበት ቀን ጠዋት ይኸው ቂም ተቆፍሮ ወጣ። ድሬዳዋ ዘመድ ለመዳር በአውቶቡስ ሄደን ነበር፣ መመለሻውን የትዕግስት አባት ብር ልኮ በአውሮፕላን አደረገልን። ያሳደሩን ሴትዮ በጠዋት ተነስተው የተቀቀለ እንቁላል ቢያቀርቡ ትዕግስት ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ «ይቅርብን እማማ፣ እዚያ ላይ ይቀርብልናል» አለች። እኔ ሁለቱን ኪሴ ከተትኩ።

ትኬቴ ላይ የደረሰኝ መስኮት ነበር። «ሚጣዬ፣ አንቺን እኮ ያስመልስሻል፣ እንቀያየር» አለችኝ ትዕግስት።

«ሻንጣ በተጫነበት ነው የሚቀመጠው» አልኳት።

«የምን ሻንጣ?»

ረስታዋለች። አስር ዓመት እንደ ጽላት የተሸከምኩትን እሷ ረስታዋለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መሀል ወንበር ላይ ጉልበቷ ከፊቷ ያለውን እየገፋ፣ ክርኗ ማረፊያ አጥቶ፣ አንገቷን ወደ መተላለፊያው አስግጋ ትሪውን ጠበቀች። ሆስተሷ መጣች፤ አንድ ትንሽ ውሃ፣ አንድ ብስኩት። ትዕግስት ብስኩቱን ገልበጥ አድርጋ አይታ «ቁርሱ መቼ ነው የሚቀርበው?» አለቻት።

«ይኸው ነው የኔ እህት።»

ከዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ልጄ፣ ድሮ በዚሁ መስመር ትኩስ ፍርፍር በሻይ ነበር፣ ከረሜላም በትሪ ይዞራል» አሏት። «ጉልበቴም ያኔ ከዚህ ወንበር ጋር አይጨባበጥም።»

እኔ እንቁላሌን ቀስ ብዬ ላጥኩ። ደመናውን እያየሁ፣ ጨው እንኳ ሳያምረኝ፣ አንደኛውንም ሁለተኛውንም በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። አላስመለሰኝም።

ልናርፍ ስንል ትዕግስት ጆሮዬ ሥር መጥታ «ለእማ እንዳትነግሪ» አለችኝ። ከኤርፖርቱ እስከ ከተማችን መናኸሪያ በአውቶቡስ መጣን። የክትፎ ቤቷን ሶፍት ሳትከፍት የያዘቻትም ለዚሁ ነበር፤ አክስቴ ቤት እንደደረስን ከቦርሳዋ አውጥታ «ከአውሮፕላኑ ነው» ብላ ሰጠቻት። አክስቴ ቀድዳ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ትዕግስት ሩዙን በዶሮ፣ ኬኩን፣ ብርድ ልብሱን ትደረድራለች።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «እውነቷን ነው፣ ሚጣ?»

ያ ሶፋ እዚያው አለ። ትዕግስት ከፊቱ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች፣ እኔም ከጀርባው የጠበቅኩትን ያህል ባይሆንም ደህና አድርጌ አስጠበቅኳት። ከዚያ አክስቴን አየኋት። ከዚያ በረራ ወዲህ ባሏንም ሰማዩንም አላየችም፤ ሹካዋ አሁንም ከመስታወቱ ኋላ ናት። የኔ ቂም ከእሷ ጋር አልነበረም።

«እውነቷን ነው አክስቴ» አልኩ። «ሻንጣሽንም እስከ ቤትሽ ይሸከሙልሻል። ትዕግስት ልታሳይሽ ነው።»

ትዕግስት ሻንጣዬን አነሳች። ቤታችን ዳገቱ ላይ ነው። እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ እየተከተልኩ፣ ያን የሚያህል ትኩስ ድንች ያለው አውሮፕላን ከዚያ ሳሎን በቀር የትም እንደሌለ፣ እዚያ ግን አንድም ቀን ሳልቀመጥ ወንበሮቹ እንደተሸጡ፣ የተሸከሙኝ አራት ልጆችም ዛሬ አንዳቸውም ሰፈር ውስጥ እንደሌሉ አሰብኩ።

አጋማሹ ላይ ትዕግስት ሻንጣውን አስቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ቁልቁል አየችውና ሳቅ አመለጣት።

«ትርፍ ኪሎ አለው» አለች።

አልረሳችውም ነበር። ሹራቤን አውልቄ ከላዩ ጨመርኩበት።