ምስጥ የበላው ጣዎስ

እኛ ሰፈር ሰው ሲራገም «ቤትህን ምስጥ ይብላው» ይላል፤ ከዚህ የከፋ እርግማን የለንም። ከተማችን ጄፓራ ውስጥ የሰው እንጀራ እንጨት ነው። ወንዱ ይቀርጻል፣ ሴቷ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ የቀረው ይጭናል፣ ያራግፋል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰፈር ነው የሳርሚዲ ልጅ ውርያኒ ከዮግያካርታ በአውቶቡስ ስትመጣ ካርቶን ሙሉ ምስጥ ታቅፋ የወረደችው። ጉድ በሉ!

ስለ ልጅቷ ከማውራታችን በፊት ግን ስለ አባቷ እናውራ፤ ጣጣው ሁሉ ከሱ እጅ ነው የመጣው።

ሳርሚዲ የወተት ጥርሱ ሳይነቃቀል መሮ የጨበጠ ሰው ነው። ቅጠል ሲሉት ቅጠል፣ ወፍ ሲሉት ወፍ ከጣውላ ያወጣል። ግን አንድ አመል አለበት፤ ቀዳዳ አይወድም። የመስጊዱ በር ላይ ስንጥቅ ካየ፣ ሰላቱን እንደጨረሰ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ከች ይላል። ለቅሶ ሄዶ የወንበር እግር ሲነቃነቅ ካየ፣ ሐዘንተኛውን አስነስቶ ወንበሩን ይገለብጠዋል። ጎረቤቱና አብሮ አደጉ ሙስታጂብ «አንተን ቀብር ማስቆፈር ነው! ሬሳው ሳይገባ ጉድጓዱን ትደፍነዋለህ» እያለ ያሾፍበት ነበር።

ሚስቱ ካስሚና አለስላሽ ነበረች። ሲጋቡ ደህና የቲክ እንጨት አልተገኘምና ከማንጎ ግንድ ጣውላ አስወጥቶ፣ ሁለት ጣዎሶች ጅራታቸውን ዘርግተው ፊት ለፊት የቆሙበት ትልቅ የሳሎን መከለያ ቀረጸ። እሷ መሬት ቁጭ ብላ አለሰለሰችው። መከለያው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳሎኑን ከጓዳው ለይቶ ቆመ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ኧረ ይሄን ማን ቀረጸው?» ይላል። ሳርሚዲ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ካስሚና ሻይ ታቀርባለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ካስሚና በሳል ታማ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሳርሚዲ መቀመጥ አቃተው። ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል። ሲጋራ ይለኩሳል፣ ሁለቴ ሳይስበው ይጥለዋል። መሮ ይስላል፣ የተሳለውን ደግሞ ይስላል። ስለ ካስሚና አንድ ቃል አይወጣውም። ስሟ ከተነሳ «ቆይ፣ ያ በር ሲጥ ሲጥ ይላል» ብሎ መዶሻ ፍለጋ ይሄዳል። በሩ ምንም አላለም።

ውርያኒ የመጣችው ይሄን ሰምታ ነው። ዮግያካርታ የምትኖረው ሠዓሊ ከሚባሉ ጓደኞቿ ጋር ነበር፤ ቀለም ሲነኩ ግን ያየ የለም። አንዷ ከፀጉር ቤት ወለል የተጠረገ ፀጉር ለቅማ ምንጣፍ ትሠራለች። አንዱ ሸራውን ጣሪያ ላይ ዘርግቶ፣ ዝናቡና ሻጋታው እንዲስሉለት ክረምቱን ሙሉ ተጋድሞ ይጠብቃል። ሌላው ከሩዝ ብስኩት ግድግዳ ሠርቶ፣ ሊያይ የመጣው ሰው በልቶ ጨረሰለት፤ እሱ ደግሞ «አሁን ገና ሥራዬ አለቀ» ብሎ ደስ አለው አሉ። ሳርሚዲ ይሄን ሲሰማ «ምነው እኔም ወንበሬን የሚበላልኝ ባገኘሁ!» ብሎ ስቆ ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየለትም።

«ፓኬ» አለችው አንድ ቀን። አባቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። «የጣዎሱን መከለያ ስጠኝ።»

«ውሰጂው» አለ ፊቱን አዙሮ። ከካስሚና ሞት በኋላ መከለያውን ማየት አይፈልግም ነበር። ለምን እንደፈለገችው እንኳ አልጠየቀም።

ምን እንዳደረገችው ያየው ከጓሮ ያለው መጋዘን ሲገባ ነው። የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልታ፣ መሃሉ ላይ እርጥብ አፈር ያለበት ሣጥን አስቀምጣ፣ መከለያውን በእግሩ አፈሩ ላይ ተክላዋለች። ካርቶኑ ባዶ ነው። ምስጡ ገብቷል።

«ንዱክ! አብደሻል? የገዛ ቤትሽን?» ሲቆጣም ሲያቆላምጥም ንዱክ ነው የሚላት።

«ፓኬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። እስኪያልቅ አትንካው። ከነካኸው ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ተመልሼም አልመጣ።»

ሳርሚዲ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ «እሺ፣ ቃሌ ነው» አለ። በእናቷ ወጥታለች፤ ያለችውን ታደርጋለች። እሷ ከሄደች ደግሞ እዚያ ቤት የሚቀረው እሱና መዶሻው ብቻ ናቸው።

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ሙስታጂብ ናፍጣ በጄሪካን አንጠልጥሎ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! ልጅህ ሰፈር ልታስበላ ነው እኮ!»

«ውሃ ከቧቸዋል። ምስጥ አይዋኝም።»

«ክንፍ ሲያወጣስ?»

ውርያኒ ከጓዳ ብቅ አለች። «ክንፍ ሳያወጡ፣ ዝናቡ ሳይመጣ አወጣቸዋለሁ፣ አጎቴ። ናፍጣውን ግን ለዚያች ለአሮጌ መኪናህ ብትሰጣት ይሻላል፤ ትናንት ስትገፋት አይቼሃለሁ።»

«ምላስሽን ነበር ምስጥ መብላት!» አለ ሙስታጂብ፤ ሳቁ አምልጦት ጄሪካኑን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ መብላቱ ተጀመረ። ሳርሚዲ ሩዙን ሲጎርስ ይሰማዋል፤ ሲሰግድ ይሰማዋል፤ ገበያ መሃል ቆሞ ሁሉ የሚሰማው ይመስለዋል፤ ቅርጥፍ ቅርጥፍ። በመጋዘኑ ዙሪያ ይዞራል፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ሰው ሲመጣ ግድግዳ እንደሚያድስ ይሆናል። ውርያኒ ነገሩን ልታስረዳው ብላ «ፓኬ፣ ምስጥ እኮ» ከማለቷ ብድግ ይላል። «ዶሮዎቹ አልበሉም» ይላል። ዶሮ የለውም።

ዝናቡ ሊመጣ ሲል ውርያኒ ቃሏን ጠበቀች። ምስጡን ከነአፈሩ ራቅ አድርጋ ጥላ፣ መከለያውን ፀሐይ አስመታችው። ሳርሚዲ እየፈራ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። ጣዎሶቹ እንደቆሙ ናቸው! ላባው ላባ፣ ዓይኑ ዓይን። «አልበሉትማ!» አለ ለራሱ፤ ሊዘፍን ቃጣው።

መከለያው ጃካርታ ለኤግዚቢሽን ሊሄድ ነው፤ መኪናው በማግስቱ ይመጣል። ውርያኒ ከጫኞቹ ጋር ልትነጋገር ጠዋት ወደ ሰማራንግ ስትነሳ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ፓኬ። ቃልህን።»

«ቃል ነው አልኩሽ! ሂጂ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

ቁጭ አለ። ተነሳ። ግቢውን ጠረገ፤ የጠረገውን ደግሞ ጠረገ። መጋዘኑ ፊት ቆመ። ማየት መንካት አይደለም ብሎ ገባ። የእንጨት ሰው ደግሞ እንጨት የሚያየው በዓይኑ አይደለም፤ በጣቱ አንጓ አንኳኩቶ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳያንኳኳ ያለፈው ጣውላ የለም። በቀኝ በኩል ያለውን የጣዎስ ክንፍ፣ ቀስ ብሎ፣ ኳ አደረገው።

ጣቱ እስከ አንጓው ገባ።

ውስጡ ምንም የለም። ባዶ! ላዩ ብቻ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ቀርቷል። ሳርሚዲ ጣቱን መዝዞ አወጣና ያችን ቀዳዳ አያት፤ እሷም አየችው። ኧረ በአላህ፣ እኛ ሰፈር ያለ የትኛው ጠራቢ ነው ያንን አይቶ እጁን አጣጥፎ የሚወጣው? የማንጎ ሰጋቱራ በኮላ ለወሰ። ጨመረ፣ ቀዳዳው ጠጣው። ደግሞ ጨመረ፣ ደግሞ ጠጣ። የክንፉ ሆድ ጢም እስኪል ሞላው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ በቀጭን መሮ የላባውን መስመር መለሰለት። ራሱ እንኳ ቀዳዳው የት እንደነበር ጠፋው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሲጋራ ለኮሰ፤ እስከ መጨረሻው አጨሰው። ካስሚና ከሞተች ወዲህ እንዲህ ረግቶ ተቀምጦ አያውቅም።

ውርያኒ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ መጋዘኑ አለፈች። መዳፏን መከለያው ላይ አድርጋ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች። ክንፉ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ነክተኸዋል።»

«የቱ ጋ? እስኪ አሳዪኝ!»

«እዚህ ጋ። ይሄ ያንተ እጅ ነው።»

«ቀዳዳ ነበረዋ! ቀዳዳ ይዘሽ ጃካርታ ልትሄጂ ነው? የሳርሚዲ ልጅ ብለው እንዲስቁብሽ? ልጥቀማት ብዬ! ይኸው የኔ ነገር፣ እጄ አመድ አፋሽ!»

«ማን ጥቀመኝ አለህ?» ብላ ጮኸች፤ እንባዋ መጣ። «ልነግርህ ስል ትነሳለህ፣ ልነግርህ ስል ትነሳለህ! አሁን ቁምና ስማ። ምስጥ ውስጡን ነው የሚበላው፣ ፊቱን አይነካም። አንተ የጠረብከው ጣውላ አለቀ፤ የለም። የቀረው ይሄ ስስ ፊቱ ነው፤ እማዬ ያለሰለሰችው፣ የሷ እጅ የዋለበት። ዕድሜዋን ሙሉ ‹ማን ቀረጸው› ሲባል ሻይ እየቀዳች ሰማች። ማን አለሰለሰው ያለ አለ? አንተስ አንድ ቀን ‹እሷ ናት› ብለህ ታውቃለህ? አንድ ጊዜ ብቻዋን እንድትቆም ነበር የፈለግኩት። እዚያም ገባህባት።»

ሳርሚዲ የሚጠገን ነገር በዓይኑ ፈለገ፤ አላገኘም።

«ነገ መኪናው ሲመጣ እኔም እሄዳለሁ» አለችና ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ገባች።

በማግስቱ ጫኞቹ መጡ፤ ሁለት ፈርጣማ ጎረምሶች። መከለያው ከባድ መስሏቸው ወገባቸውን አጥብቀው ቢያነሱት ላባ ሆነባቸው፤ ሊወረውሩት ምንም አልቀራቸው። የተሞላው ክንፍ ብቻ ነው ክብደት ያለው። መከለያው ወደዚያ አጋደለ፤ «ያዝ! ያዝ!» ተባባሉ፤ ጡብ የሚያህለው የኮላው ድፍን የክንፉን ቆዳ ተርትሮ መሬት ዷ አለ።

«ኮላ!» ሳርሚዲ እየጮኸ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠ። «ቆዩ፣ እንዳትነኩት፣ አሁን አደርገዋለሁ! ኮላ!»

«ፓኬ።»

ቆመ።

«ቁጭ በል።»

እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለ። ውርያኒ የወደቀውን ድፍን አነሳችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። በአንድ በኩል የሱ ኮላ ነው፣ ጠጣር። በሌላው በኩል የጣዎሱ ክንፍ ተጣብቆበት መጥቷል። በመዳፉ ዳበሰው። በላባና በላባ መሃል፣ ጣት በማይገባበት ሁሉ ለስልሷል። ካስሚና ብርጭቆ ወረቀቱን በቀርከሃ ስንጥር ላይ ጠቅልላ እያንዳንዷን መስመር ስትፈትግ ትዝ አለችው፤ ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት። «ተይው፣ እዚያ ድረስ ማንም አያይም» ብሏት ነበር። «እኔ አየዋለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲህ እሱ አንድም ቀን አላየውም። ጎረምሶቹ ፊት አለቀሰ።

አንደኛው ጎረምሳ ግራ ገባው። «መልሰን መጋዘን እናስገባው እንዴ?»

ውርያኒ ወደ ተቀደደው ክንፍ ጠጋ ብላ ብዙ አየች። ውስጡ ምስጦቹ የሄዱበት መንገድ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይታያል። «ጫኑት» አለች።

«ከነቀዳዳው?» አለ ሳርሚዲ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። «ሰው ምን ሆኖ ነው ቢልሽስ?»

«እነግራቸዋለኋ። ፊቱን እናቴ አለሰለሰችው፣ አባቴ ደግሞ ቀዳዳ አይቶ ማለፍ አይችልም እላለሁ።»

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። የውርያኒ ሻንጣ በሩ ጋ ቀርቷል። ሳርሚዲ አይቶት እንዳላየ ሆነ። ለምን አልሄድሽም ቢላት አስታውሷት እንዳትሄድ ፈራ። ወደ አውቶቡሱ መንገድ ያያል፣ ወደ ሻንጣው ያያል፣ እንደገና ወደ መንገዱ። እሷ ሻንጣውን አልፋ ወደ መኝታ ቤቱ ገባችና ከዚያ ጠራችው። የካስሚና ቁም ሣጥን ፊት ቆማለች።

«ከምንድነው የሠራኸው?»

«ከማንጎ። ምነው?»

«ስጠኝ።»

«እኔ በቁሜ? በጭራሽ! ነገ ደግሞ የተኛሁበትን አልጋ ትያለሽ! ሰፈሩ ቢሰማ ሁለታችንንም ነው የሚያባርረን!» ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ፤ ንዴት ይሁን ደስታ ራሱም አላወቀውም። ትንፋሹን ሰብስቦ «ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?» አላት።

«ይሄ ወፍራም ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል እያወጣኋቸው፣ አንድ ዓመት፤ ከዚያም ያልፋል።»

ሳርሚዲ እያጉረመረመ ቁም ሣጥኑን ከፈተው። ከቀብሯ ወዲህ ከፍቶት አያውቅም ነበር። ልብሶቿ ራሷ እንዳጣጠፈቻቸው ናቸው። አንዱን አውጥቶ አልጋው ላይ አኖረ። ሁለተኛውን አኖረ። ሦስተኛውን እንደያዘ እጁ ቆመ።

«ናፍቃኛለች» አለ።

«እኔንም» አለች ውርያኒ፤ ልብሱን ሳትቀበለው አጠገቡ ቆመች።