ቆሞ የተነሣው ራጅ

በቦሊቪያ፣ ኦሩሮ ከተማ ባለው ሆስፒታላችን የራጅ ክፍሉ በአክብሮት ዶኛ የምንላት የሳቢና ላይሜ ግዛት ነው። እኔ ፊት ለፊቷ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስታዝ አይቻለሁ። በሽተኛውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሐኪሙንም ታዛለች። ሥራዋ ማንሳት ነው እንጂ በሽታ መናገር አይፈቀድላትም። እሷም አትናገርም፤ ፎቶው ራሱ እስኪናገር ድረስ ግን ሰውን አትለቅም።

የከተማችን የጭፈራ በዓል፣ ካርኒቫል፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፊደንሲዮ የሚባል ጥሩምባ ነፊ ቀኝ ጉንጩን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። በቀኝ በኩል አራት የላይ ጥርሶቹ ይጠዘጥዙታል። የጥርስ ሐኪሙ አራቱንም ከሰዓት በኋላ ሊነቅልለት ቀጥሮታል። ጥርስ ከሌለ ከንፈር የሚደገፍበት የለውም፤ ጥሩምባውም አበቃለት ማለት ነው። እጁ ላይ ያለው ወረቀት "ተኝቶ ይነሣ" ይላል። በካርኒቫል ሰሞን ሙዚቀኛው ሁሉ በልምምድ ዝሎ ስለሚመጣ አስተኝቶ ማንሳት ልማድ ሆኗል። መጥፎ ልማድ ነው፤ ሳቢና ስንት ጊዜ ጮኸችበት!

ፊደንሲዮ የጥሩምባውን ሣጥን መሬት ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ጉንጩን ያዘና አቃሰተ። ሳቢና አየችው።

"ስታጎነብስ ይብስብሃል?"

"ሊፈነዳ ነው የሚመስለኝ ዶኛ።"

"ጉንፋን ይዞህ ነበር?"

"ይዞኝ ነበር። ተሻለኝ ስል አገረሸብኝ።"

"ከአፍንጫህስ ምን ይወጣል?"

"ቢጫ፣ ወፍራም ነገር። በቀኙ ብቻ። ማሽተትም አቅቶኛል፤ ትናንት ድስቱ እያረረ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሚስቴ ስትሰድበኝ ነው ያወቅሁት።"

"በል ተነስ፣ ቆመህ ነው የማነሣህ።"

"ወረቀቱ ተኝቶ ነው የሚለው።"

"ወረቀቱን ጥርስ አያመውም። ተነስ አልኩህ!"

አገጩን ሰሌዳው ላይ አስደግፋ፣ አፉን አስከፍታ አነሣችው። ፊልሙ ላይ የቀኝ ጉንጩ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ ሆኖ ወጣ፤ መሃሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። የግራው ጥቁር ብቻ ነው፤ ጤነኛ የጉንጭ አጥንት ውስጡ አየር ስለሆነ ጥቁር ነው።

ተረኛው ሐኪም ዶክተር አራማዮ ገና ከትልቁ ከተማ፣ ከላ ፓስ፣ የመጣ ልጅ ነው። ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ "ያበጠ ሥጋም ሊሆን ይችላል። ማንበቡን ለእኛ ይተዉልን ዶኛ" አላት። እኔ በንዴት ጨስኩ። እሷ ገባችና የፊደንሲዮን ራስ ወደ ትከሻው አዘንብላ ደግማ አነሣችው።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። በሁለተኛው ፊቱ አዘንብሏል፤ መስመሩ ግን ከወለሉ ጋር እኩል እንደሆነ ነው።

"የበቆሎ መጠጣችን አፒ የሞላበት ብርጭቆ ቢያዘነብሉ አፒው አብሮ ያዘነብላል እንዴ ዶክተር?"

"አያዘነብልም" አለ ልጁ፤ ጆሮው ቀላ።

"ሥጋ ቢሆን ግን ከፊቱ ጋር ይዞር ነበር። ተኝቶ ቢነሣ ደግሞ ይህ መስመር ጨርሶ አይታይም ነበር። እንግዲህ ማንበቡ የእርስዎ ነው።"

ዶክተሩ ስልኩን አነሣ። ለጥርስ ሐኪሙ፣ "ሳይነስ ነው፣ ጉንጩ ውስጥ መግል ቋጥሯል፤ ጥርሶቹን የሚያሳምማቸው እሱ ነው። ጥርሶቹን እንዳትነካቸው!" ሲለው ሁላችንም ሰማን። ያን ቀን ሆስፒታሉ የእኔ የሆነ ያህል ኮራሁ። ለዶክተሩም ልመስክርለት፤ ስልኩን ዘግቶ "ዶኛ፣ አመሰግናለሁ" አላት። አንዳንዱ ሐኪም ይህችን ቃል ሳይናገር ጡረታ ይወጣል።

ፊደንሲዮ መድኃኒቱን ዋጠ፣ አፍንጫውን በጨው ውሃ አጠበ፣ ጥሩምባውንም ሳቢናን ፈርቶ ለአሥር ቀን አልነካም።

የካርኒቫሉ ቅዳሜ እኔና ሳቢና መንገድ ዳር ቆመን ሳለ የሙዚቃ ባንዱ ደረሰ። መቶ ሃያ ጥሩምባ አንድ ላይ! ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰዋል፣ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ዜማው ሲያርፍ አንዱ ከሰልፉ ወጥቶ ሳቢና ፊት ቆመና አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ሳቀላት። እሷ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ጥርሶቹን አየች።

"ሙሉ ናቸው" አለችኝና ፊቷን ከኋላችን ወዳለው ግድግዳ አዙራ ዓይኖቿን ጠረገች።