ለአርባ ዘፈን የሰጠሁት ሙሾ

ባለፈው ቅዳሜ ከምንኖርባት ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንወርድ... ሚኒባሱ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ ዓይኔ የሄደው ወደ ቴፑ ነበር። መብራቱ በርቷል። በልቤ «ምነው ዛሬ እንኳ ብትበላሽ» አልኩት።

አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ይታይሽ ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት። የአባቴ ሙት ዓመት ስለደረሰ ለድግሱ ቅመም ልንገዛ ነው የምንሄደው። እትዬ በአካባቢያችን የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለቄሱ፣ ቀጥሎ ለእሳቸው ነው የሚነገረው።

ቴፑን የፈራሁበት ምክንያት አለኝ።

አባቴ የተቀበረ ቀን እትዬ ለወንድማቸው ያወረዱትን ሙሾ በስልኬ ቀድቼው ነበር። ለራሴ ብዬ ነው... ብቻዬን ስሆን ልሰማው። ስልኩን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ ከድንኳኑ ጀርባ ቆምኩ። እኔ ሰው ፊት ማልቀስ አልችልም። ሰው ፊት መብላት እንኳ ይጨንቀኛል። ለቀስተኛው ግን ይሄን አያውቅም። ወደ ድንኳኑ ስመለስ ያየው ደረቅ ፊቴን ብቻ ነው። «አባቷ ሞቶ ዓይኗ አልረጠበም፤ ምን ዓይነት ድንጋይ ናት» ተባለ። ሰማሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማርቆስ አንድ ሱቅ ዘፈን ላስጭን ገባሁ። ባለሱቁ ሚሞሪዬን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና ያለውን ሁሉ እየከፈተ ያይ ጀመር። ድንገት የእትዬ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«ሞፈሩን ሰቅሎ በሬውን ፈትቶ፣
ወንድሜ የት ዋለ ቤቱን ክፍት ትቶ...»

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ።

«ሙሾ ነው።»

«ድምፃቸው ጉድ ነው እኮ። እኔ ይሄን ልገልብጥና አርባ ዘፈን በነፃ ልጫንልሽ?»

እምቢ ልለው ነበር። ግን ከኋላዬ ሰው ተራ ይጠብቃል... እምቢ ካልኩ ደግሞ ለምን ብሎ ይጠይቀኛል፣ ማውራት ይመጣል። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

በዚህ ክረምት ዘፈን ሆኖ መጣ።

ከበሮና ኦርጋን ገብቶበታል። «ወንድሜ» የሚለው ተቆርጦ ወጥቷል። «የት ዋለ... የት ዋለ...» ብቻ ይደጋገማል። ሰው ፍቅረኛዋ የጠፋባት ሴት እየመሰለችው ይጨፍርበታል። በየመሃሉ ደግሞ እንደ ሲቃ ያለ ነገር አለ፤ «ህእ... ህእ»። ትከሻ የሚመታው እሱ ጋ ሲደርስ ነው። በስልክ በሚለቀቁ ቪዲዮዎች ላይ ልጃገረዶች ሲቃውን እያስመሰሉ ሲስቁ አይቻለሁ። አንዷ ላይ ስንት ሰው «ቃናው ልዩ ነው» ብሎ ጽፏል። የማን ነው ብሎ የጠየቀ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ባሉበት የሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሰርግ ሲጠሩ «አመመኝ» ብዬ እሳቸውንም አስቀርቻለሁ። ቅመሙን ግን ማስቀረት አልቻልኩም።

ሚኒባሱ ትንሽ እንደሄደ ዘፈኑ ተከፈተ።

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሹሩባ የተሠራች ሴት «አዎ! እሱን!» አለች። ሾፌሩ ድምፁን ጨመረው። ትከሻ እዚህም እዚያም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላችን ዶሮ የታቀፈ ሰውዬ ሳይቀር ከነዶሮው ይወዛወዛል። እኔ በመስኮት እያየሁ የማየው ነገር የለም። ከእግሬ ጀምሮ ያልበኛል።

እትዬ አልተንቀሳቀሱም። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከዚያ...

«የኔ ልጅ» አሉት ሾፌሩን፣ «እስቲ ድገመው።»

ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያያቸው፣ «እማማም ገባቸው! አንደኛ ናቸው» አለ። ደገመው።

ሁለተኛው ላይ፣ ሲቃው ጋ ሲደርስ፣ ክንዴን ያዙኝ። አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ።

«ይቺ የምታለቅሰው አንቺ ነሽ?»

ስልኩን ያን ቀን አገጬ ስር ነበር የያዝኩት። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

እጃቸው ክንዴ ላይ ጠበቀ። ሰው ሁሉ በኔ ልቅሶ ትከሻውን ይመታል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ «ድንጋይ ናት ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ፣ ዓለሜ» አሉኝ።

መናኸሪያ ስንወርድ ሾፌሩ፣ «እማማ፣ ዘፈኑን ስልክዎ ላይ ልላክልዎ?» አላቸው።

«ግድ የለም፣ ዋናው እኔ ዘንድ ነው።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ትንሽ እንደሄድን ቆሙ።

«ማነው የሰጣቸው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«በምን?»

«በአርባ ዘፈን።»

አሰቡበት። «ከአርባው ይሄን የሚያህል አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያማ ተሸውደሻል» አሉና መንገድ ቀጠሉ። ሳልደርስባቸው ዞረው፣ «ሁለተኛ ግን ወንድሜን ሱቅ ይዘሽው እንዳትገቢ» አሉኝ። እየሳቁ አልነበረም። ከዚያ ስልኬ ላይ ያለውን ዋናውን እንዳላጠፋው ነገሩኝ። ድግሱ ላይ ሴቶቹን ሰብስበው ሊያሰሟቸው ነው፤ ያማኝ ሁሉ እንዲሰማ። እንደዚያ ሲሉኝ ድንኳኑ ጀርባ የቆምኩበት ቦታ ናፈቀኝ።

በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ አርባዎቹን ዘፈኖች ከፈትኳቸው። ስንት ጊዜ ብቻዬን የጨፈርኩባቸው ናቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አንድ በአንድ እሰማቸው ጀመር... ከከበሮው ኋላ የሚያለቅስ ሰው ካለ ብዬ።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆሜያለሁ። እዚያ ላይ የምትሰማዋ ሴት እየሳቀች ነው ይላል ሰው፤ እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።