የባሻ አለሙን ጋቢ የነደፈው ቀስት

በአገራችን ድግስ ላይ ሽማግሎች ሁለት ብርሌ ጠጅ ከጠጡ በኋላ ወሬያቸው ሁሉ ጠመንጃ ነው። የእገሌ ምንሽር እንዲህ ጮኸ፣ የእገሌ አልቤን እንዲያ ጣለ። በጣሊያን ጊዜ እነሱ ተኮስን የሚሉትን ጥይት ሁሉ ብንቆጥር ጠላት በወሩ ባለቀ ነበር። እኔ አብሬያቸው እጠጣለሁ እንጂ አላምናቸውም። ያን ጊዜ ጉና ላይ ለተጠጉት አርበኞች ጠመንጃ ማለት ጮሆ የሚያስይዝ መዘዝ ነበር። እነሱን ከረሃብ ያወጣቻቸው የአባቴ እህት እቴነሽ ናት፤ ያወጣቻቸውም በቀስት ነው። ይህን ስናገር አንዳንዱ ይስቃል። ይሳቅ።

አያቴ ደሳለኝ አዳኝ ነበር። በወጣትነቱ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ቋራ ቆላ ወርዶ ሲመለስ አንድ ቀስት ይዞ መጣ፤ እንጨቱ ጠንካራ፣ አውታሩ ከጅማት የተገመደ። እኛ ደገኞች የምናውቀው ጦርና ጠመንጃ ስለሆነ መንደሩ ሁሉ ሳቀበት። እሱ ግን እህሉን የሚያበላሸውን ከርከሮ በዚያ ቀስት ሲጥል ኖረ። አባቴ የተወለደው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ የአያቴ ክንድ መድከም ሲጀምር ከጎኑ የነበረችው ሴት ልጁ ብቻ ነበረች። እቴነሽን አስተማራት። እሷም ጡንቻዋ እስኪጠነክር ስትስብ፣ ስትስት፣ ደግማ ስትስብ አደገች። የምትስተው እየቀነሰ ሄደና ቀረ።

ይህ ሙያ ለትዳር የሚጠቅም አልነበረም። አንበሳሜ አጠገብ ላለ ሞላ ለተባለ ገበሬ ተዳረች። ሞላ መልካም ሰው ነው። እናቱ እማማ አሰለፈች ግን በፈትላቸው ስማቸው የተጠራ ሴት ነበሩ፤ ለእሳቸው ሴት በጥጥ ነው የምትመዘነው። ጥጥ ፍሬው ከወጣለት በኋላ መነደፍ አለበት። በትንሽ ደጋን፣ በሁለት ጣት በሚጎብጥ ለስላሳ ነገር፣ አውታሩን እየነካኩ ጥጡን ያፍታቱታል፤ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈተላል። እቴነሽ ስትነድፍ ጥጡ ይቋጠራል፣ አውታሩ ይበጠሳል፣ አማቷ ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ።

«ምን ዓይነት እጅ ነው እግዜር የሰጠሽ?» ይሏት ነበር፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት።

እሷም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እውነት ነዋ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ምሽጉን ሲሠራ ሞላ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጉና ወጣ። በሁለተኛው ክረምት የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሰሞን አንድ ቄስ ለልመና የሚዞሩ መስለው እነ እማማ አሰለፈች ቤት መጡ። ይዘው የመጡት የሞላን መልእክት ነበር። ጠላት በተራራው ግርጌ ያለውን ገብስ ከነጎተራው አቃጥሎታል። ሰዎቹ ርቧቸው አንድ ድኩላ ተኩሰው ቢጥሉ የጥይቱ ድምፅ የጠላትን ጦር ጠርቶ ጌጡ የሚባል ጓደኛቸው ተገደለ። ከዚያ ወዲህ መተኮስ ቀርቷል፣ መብላትም ቀርቷል።

«እንግዲህ የደሳለኝን ቀስት ላኩልን ብሏል» አሉ ቄሱ። «ካልመጣለት ሰዎቹ እጃቸውን ሊሰጡ ነው። እጁን የሰጠ ደግሞ የት እንደሚሰቀል ታውቁታላችሁ።»

እማማ አሰለፈች አለቀሱ። እቴነሽ ግን ስትዳር ይዛው የመጣችውን ቀስት ከግድግዳው ላይ አወረደች።

«ቀስቱን ማን ይወስደዋል?» አሉ ቄሱ።

«እኔ ነኛ፣ አባ። እነሱ እንደሆነ እንዴት እንደሚይዙት እንኳ አያውቁም።»

ችግሩ መንገዱ ነበር። ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገሪያው አንድ ድልድይ ነው፤ ድልድዩን አልፎ ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ ዱላ የያዘ ሰው እንኳ ተፈትሾ ነው የሚያልፈው። መሣሪያ የተገኘበት ደግሞ እዚያው ይቀራል። እቴነሽ አንበሳሜ ወረደችና ጥጥ የምትሸጠውን የሸማኔ ሚስት፣ ጓደኛዋን ሐሊማን አማከረቻት። ሐሊማ ቀስቱን አገላብጣ አየችና ሳቀች።

«ለምን ትደብቂዋለሽ? ደጋን ነው እንላለን። ቅርጹ ያው አይደል? አውታሩን እቀይርልሻለሁ። እኔን ኬላው ያውቀኛል።»

«እኔ ጥጥ መንደፍ አልችልም እኮ ሐሊማ!»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል። ተቀመጪ፣ ትለምጃለሽ።»

ጥቂት ቀን አስተማረቻት። ብዙም አልጠቀማት። የጅማቱን አውታር እቴነሽ ከመቀነቷ ሥር ጠመጠመችው፤ በምትኩ ሐሊማ ቀጭን የደጋን አውታር ወጠረችበት። ለፍላጻ የተዘጋጀውን መቃ ለሸማኔው የሚሄድ አስመስለው በእስር አሰሩት። የፍላጻውን ብረቶች ጥጡ መሀል፣ ከጆንያው ታች ከተቱ። «ቀጭን አውታር ነው፤ አጥብቀሽ እንዳትስቢው» አለቻት ሐሊማ። «በጥፍርሽ ብቻ ንኪው። ከተበጠሰ አለቀልን።»

በገበያ ቀን ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅለው ሄዱ። እቴነሽ የአባቷን ቀስት በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያያት ደብረ ታቦር መግቢያ ደረሰች። እኔ ይህን ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይሞላል። ስንቱ ባለ ጠመንጃ በዚያ ቀን ገደል ለገደል ይሳብ ነበር!

ኬላው ላይ የነበረው ባሻ አለሙ የሚባል ባንዳ ነው፤ የእኛው አገር ሰው፣ ወፍራም፣ ራሱን የሚወድ። ከኋላው አንድ ነጭ ወታደር ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል።

«ሐሊማ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘሽ መጣሽ?»

«ሙያ የማስተምራት ልጅ ናት፣ ባሻዬ።»

ባሻ አለሙ ቀስቱን ከእቴነሽ ትከሻ ላይ ወሰደና በሁለት ጣቱ ሊያጎብጠው ሞከረ። አልጎበጠም። በእጁ ሞከረ። አሁንም እምቢ አለ። ፊቱ ተቀየረ።

«ይሄ ደጋን ነው? እናቴ ጥጥ ነዳፊ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ደጋን አላየሁም።»

«የቡልኮ ጥጥ መንደፊያ ነው» አለች ሐሊማ። «ለጉና ብርድ የሚሆን ቡልኮ በቀጭን ደጋን ይነደፋል እንዴ?»

«እስኪ ትንደፍልኝ» አለና ቀስቱን ለእቴነሽ ወረወረላት።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ቀስቱ እጇ ሲገባ እጇ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ግራ ክንዷ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፣ ቀኝ እጇ አውታሩን ያዘና ወደ ጆሮዋ መሳብ ጀመረ፣ አንድ ዓይኗ ተጨፈነ። ፍላጻ የለም እንጂ ቢኖር የባሻ አለሙ ሆድ ፊት ለፊቷ ነበር። ነጩ ወታደር ጠመንጃውን አነሳ። ገበያተኛው ወደ ኋላ ሸሸ።

ሐሊማ የእቴነሽን እጅ በመዳፏ መታች።

«ያ ረቢ! ስንቴ ላሳይሽ? ደጋን ወደ ታች፣ ወደ ጥጡ ነው የሚያዘው! ሰማዩን ልትነድፊው ነው? አማትሽ ምን በወጣቸው! እጅ ነው ወይስ የግራር ቅርንጫፍ ያለሽ?» ከዚያ ወደ ባሻው ዞረች። «ይዩልኝ እንጂ ባሻዬ! አማቷ መንደፍ ሳትለምጂ ቤቴ እንዳትመለሺ ብለው አባረዋት፣ እኔ ላይ ወደቀች። ይህችን ሰው አደርጋለሁ ብዬ ፀጉሬ ሸበተ።»

የእቴነሽ ፊት ቀላ፣ እንባዋም መጣ። ማስመሰል አልነበረም። ያ ሁሉ ስድብ ለዓመታት ጎረቤት ፊት የሰማችው ነው፤ አሁን ደግሞ ገበያ ሙሉ ሰው ሰማው። ባሻ አለሙ አያትና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ማሬም እንዲሁ ናት! ሚስቴ! ደጋን ስትይዝ ዱላ የያዘች ነው የምትመስለው!» ለነጩ ወታደርም በእጁ እያሳየ አስረዳው። ያም ሳቀ፤ ጠመንጃውንም አወረደ።

ግን አልለቀቃቸውም። «እንዲያውም ለእኔ ጋቢ የሚሆን እዚሁ ንደፊ፤ ሙያውን በእኔ ጥጥ ትለምጃለሽ» አለና እጁን ጆንያው ውስጥ ሰደደ። ብረቶቹ ከታች ናቸው። ሐሊማ ጆንያውን ሳብ አድርጋ፣ «ታቹ ቆሻሻ ነው፣ ለእርስዎ የሚሆነው ላዩ ነው» አለችና ንጹሑን ጥጥ አንሥታ ዘረጋችለት።

እቴነሽ ተቀመጠች። በጥፍሯ ብቻ አውታሩን ነካ አደረገችው። ያ ጠንካራ እንጨት ቀጭኑን አውታር እንዴት አድርጎ እንዳስጮኸው እሷም አልጠበቀችም። ጥጡ ተነሣ፣ ተበተነ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ደግማ ነካችው። ብናኙ የባሻ አለሙ ጢም ላይ አረፈ፤ አስነጠሰው። ገበያተኛው እየሳቀ፣ ሴቶቹ እያደነቁ፣ የጋቢው ጥጥ ተነድፎ አለቀ። አማቷ ቢያዩት ኖሮ እሳቸውም እንከን አያወጡለትም ነበር።

«በዕድሜዬ አንድ ቀን ጥጥ አማረልኝ፤ እሱም ለባንዳ ሆነ» እያለች እስክትሞት ትናደድ ነበር አክስቴ።

ሐሊማ ከገበያው ተመለሰች። እቴነሽ የጅማቱን አውታር ወጥራ፣ ፍላጻዎቿን ሠርታ፣ በብርዱና በጭጋጉ ጉናን ወጣች። ሞላን ስታገኘው ጉንጩ ገብቶ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። አቅፎ ሳማት፣ ቀስቱንም ተቀብሎ ወርቁ ለሚባል ጓደኛው ሰጠው፤ ወርቁ ከመካከላቸው ጉልበተኛው ነው። ወርቁ ስቦ ለቀቀው። ፍላጻው ዒላማውን ስቶ አጠገባቸው ያለ የጅብራ ግንድ ላይ ተሰካ። ሌላውም ሞከረ። አውታሩ ክንዱን ገረፈው። የመጨረሻ ተስፋቸው በእጃቸው ነበር፣ እጃቸው ግን አላወቀበትም።

«ቀስቱን ላኩ አላችሁ» አለች እቴነሽ። «ባለ ቀስቷን ግን ማን ጠየቀ?» ብላ ተቀበለችው።

በማግስቱ ጠዋት ጫካው ዳር ድኩላ ለግጦሽ ወጣ። እቴነሽ ነፋሱ ጠረኗን እንዳይወስድባት ዞራ ሄደች፣ ጠበቀች፣ ለቀቀች። ድኩላው ትንሽ ሮጦ ወደቀ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ደብረ ታቦር ያለው ምሽግ ቁርሱን እየበላ ነበር፤ እነሱም በሉ።

ግዳይ የጣለ ሰው ይፎክራል፣ ሴቶች እልል ይሉለታል፤ ወጉ ይህ ነው። እዚያ ግን ሴት የምትባል ገዳይዋ ብቻ ናት፣ ድምፅ ማሰማትም ክልክል ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ ሞላ ብድግ አለ፣ እጁን አፉ ላይ አደረገና፣ ድምፁን ውጦ፣ ለሚስቱ እልል አለላት። እቴነሽም ቀስቷን ይዛ ቆመች። «ዘራፍ የደሳለኝ ልጅ! ዘራፍ ሳታስጮህ የምትጥል!» እያለች በሹክሹክታ ፎከረች። በሹክሹክታ የተፎከረ ፉከራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሰሙት ሰዎች አንዳቸውም ሳያለቅሱ አልነገሩኝም።

ከእነሱ አንድም ሰው እጁን አልሰጠም። እቴነሽም ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ጠላት እስኪወጣ ድረስ ስታበላቸው ኖረች።

በ1933 ዓ.ም. ክረምት ደብረ ታቦር ተለቀቀች። አርበኞቹ ሲገቡ አገሩ ሁሉ ኬላው ጋ ወጥቶ ነበር፤ ሐሊማ ከአንበሳሜ መጥታለች፣ እማማ አሰለፈች በበቅሎ መጥተዋል። እቴነሽ ቀስቷን በትከሻዋ አንጠልጥላ ከፊት ሄደች። ኬላው ላይ ስትደርስ ቆመችና የዚያን ጠዋት ፉከራዋን ደገመችው፤ አሁን ግን ተራራው እስኪመልስላት ጮኻ ነው። ሞላ ባለ በሌለ ድምፁ እልል አለ። እማማ አሰለፈችም ከበቅሎአቸው ላይ ሆነው እልልታውን ተቀበሉት።

እጃቸውን ከሰጡት ባንዶች መካከል አንድ ወፍራም ሰው ነጭ ጋቢ ለብሶ ዝናብ ላይ ቆሟል። ቀስቱን አየ፣ ሴቲቱን አየ፣ ከዚያ የገዛ ጋቢውን አየ። ገባው። እቴነሽ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ሞቀዎት፣ ባሻ?»

ባሻ አለሙ ጋቢውን አውልቆ ዘረጋላት።

«ይልበሱት» አለችው፣ መልሳ ትከሻው ላይ እየጣለችለት። «ሰው ማን ነደፈው ሲልዎት ግን፣ በምን እንደተነደፈ ጭምር ይንገሩልኝ።»

ባሻ አለሙ ምሕረት ተደርጎለት እዚያው ከተማ አረጀ፤ ጋቢውንም እስኪያልቅ ለበሰው። ልጅ ሆኜ ራሴ ጠይቄዋለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ።